ሞተር ሲያንኳኳ፦ ከሴንሰሩ በፊት ድምፁ

እንደምን አመሻችሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናወራው ዕድሜ የተጫነው ፒክአፕ ወይም ቀላል የጭነት መኪና ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ከየት ተነስተን ወዴት እንደምንሄድ ነው። የሴንሰሮችን ቦታም አብሬ አነሳለሁ። ብዙዎቻችሁ «ኖክ ሴንሰሩ የት ነው የሚገኘው?» ብላችሁኛል፤ ሳልመልስላችሁ አልሄድም። ነገር ግን ሞተሩ ስላንኳኳ ሴንሰሩን ልትቀይሩ አስባችሁ ከሆነ እባካችሁ ገንዘባችሁን ለጊዜው ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ኖክ ሴንሰር ማንኳኳትን አይፈጥርም። ሥራው መስማት ብቻ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ቃጠሎው ሥርዓት ሲያጣ ንዝረቱን ይሰማና ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ታይሚንግ የምንለውን፣ ያዘገያል። ሴንሰሩ ሲሞት የምታጡት ይህን ጥበቃ ነው። የማንኳኳቱ ምክንያት ግን ሴንሰሩ ደህና በነበረበት ጊዜም እዚያው ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው። እንዲያውም አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሴንሰሩ መበላሸቱን ሲያውቁ ለጥንቃቄ ሲሉ ታይሚንጉን ራሳቸው ያዘገዩታል። ስለዚህ የሞተ ኖክ ሴንሰር ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣና ነዳጅ መብላት ሲጀምር ነው። ሞተሩ በግልጽ እያንኳኳ ኖክ ሴንሰር ገዝቶ መግጠም ችግሩን ትቶ ወሬ ነጋሪውን መቀየር ነው።

«ሞተሩ ያንኳኳል» ስንል ከሁለት ነገር አንዱን ማለታችን ነው፤ ድምፁ ወይ ከእሳት ነው ወይ ከብረት። ከእሳት የሚመጣው በነዳጅ፣ በታይሚንግ፣ በሙቀትና በአየር ይስተካከላል። ከብረት የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ያስከፍታል። ሁለቱን ሳይለዩ እጅ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ እየመታበት ያለ ሰው ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን እየቀዳ ሁለት ሳምንት ከነዳ ሞተሩን ይጨርሰዋል።

መጀመሪያ ከእሳት የሚመጣውን እንይ። ካንዴላው ሲተኩስ ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነስቶ በሲሊንደሩ ውስጥ እየተስፋፋ ይሄዳል። ፈጣን ነው፤ ግን በሥርዓት የሚሄድ ቃጠሎ ነው። ነበልባሉ እየገፋ ሲመጣ ጥግ ላይ የቀረውን፣ ገና ያልተቃጠለውን ድብልቅ ይጨምቀዋል፤ ያግለዋል። ያ የቀረው ድብልቅ ነበልባሉ ሳይደርስበት በራሱ ሙቀት ድንገት ከተቀጣጠለ ግፊቱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ይመላለሳል። ጆሯችን የሚሰማው ይህንን ነው። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ ንዝረቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ቀጭን፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ነው፤ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲናጥ የሚሰማውን ዓይነት።

የሚመጣበት ሰዓትም የታወቀ ነው። ዳገት ላይ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ከፍ ባለ ማርሽ ዙሩ ዝቅ ብሎ ሳለ ነዳጅ ስትረግጡ ይመጣል። እግራችሁን ስታነሱ ወዲያው ይጠፋል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ደግሞ አይሰማም። ሦስቱም ከተሟሉ ድምፁ የእሳት ነው ብላችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ከፍ ካለ ደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ ብቻ የሚሰማ ከሆነም አትደናገጡ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ያንሳል፤ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ደጋ ላይ ታይሚንጉ ወደፊት የተሳበለት መኪና ቆላ ላይ ማንኳኳቱ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ችግር የቤንዚን ሞተር ከተወለደ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ የምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውህድ ጥቂት ብቻ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ማንኳኳቱ እንደሚቆም አገኘ። ሞተሮቹ ዝም አሉ፤ እርሳሱ ግን ከጭሱ ጋር እየወጣ በሰው ደም ውስጥ ገባ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የወጣው በ2021 ነው። ለማንኳኳት የተገኘው ፈጣን መፍትሔ መቶ ዓመት ሙሉ ስንት ሕፃን እንደጎዳ ሳስብ ያንገበግበኛል። ኦክቴን የምንለው ቁጥርም የመጣው ከዚሁ ችግር ነው፤ አይሶኦክቴን 100፣ ኖርማል ሄፕቴን 0 ተብለው ነዳጁ በሁለቱ መካከል ይመዘናል። ቁጥሩ የሚለካው ነዳጁ ሳይፈነዳ ምን ያህል መጨመቅ እንደሚችል ነው። ጉልበትን አይለካም። በማያንኳኳ ሞተር ውስጥ ከሚፈልገው በላይ ኦክቴን መቅዳት ምንም አይጨምርለትም።

እንግዲህ ድምፁ የእሳት ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ታይሚንግ ነው። ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ አንድ ሰው ቡሎኑን ፈትቶ ትንሽ ካዞረው ታይሚንጉ ሄደ ማለት ነው፤ በብዙ መኪና ላይ ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ሰው አዙሮታል። ታዲያ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት ሰክቶ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ኮምፒውተር ያለው ሞተር እናንተ እያያችሁ እንኳ ታይሚንጉን ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን እጁን ማሰር ያስፈልጋል። በቶዮታ 22 አር ኢ ሞተር ላይ ኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁለት ፒኖች በሽቦ ታገናኙና በሚኒሞ 5 ዲግሪ ትጠብቃላችሁ። በአሮጌዎቹ ፎርዶች ላይ ዲስትሪቢዩተሩ አካባቢ የምትገኘውን ስፓውት የምትባል ትንሽ መሰኪያ ትነቅላላችሁ፤ ብዙዎቹ 10 ዲግሪ ይላሉ። በስሮትል ቦዲ ኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁ አየር መግቢያው አፍ ላይ እየተረጨ፣ በሚሠራው የሸቭሮሌት 5.7 ሊትር ሞተር ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር ያለባትን ቡናማ ሽቦ ከሶኬቷ ትነቅላላችሁ፤ ንባቡ 0 መሆን አለበት። ሁልጊዜም ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፤ እኔ ከምላችሁ ቁጥር ይልቅ እሱ ይታመናል። ስትጨርሱም የነቀላችሁትን መልሳችሁ ስኩ፤ ካልተመለሰ መኪናው ጉልበት አይኖረውም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚያሳስት ነገር አለ። ምልክቱ ያለበት ከክራንክሻፍቱ ፊት የሚገኘው ፑሌጃ በብዙ ሞተሮች ላይ በሁለት ቀለበት የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው ጎማ አለ። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ምልክቱም አብሮት ይሄዳል። ያኔ መብራታችሁ የሚያሳያችሁ ውሸት ነው። ለማረጋገጥ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈቱ፤ ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ የፕላስቲክ ቀጭን ዘንግ፣ በቀዳዳው አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ፒስተኑ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ምልክቱ 0 ላይ መሆኑን ተመልከቱ። በዚያች ቅጽበት ምልክቱ ጣት በሚያህል ስፋት ርቆ ካገኛችሁት የማንኳኳታችሁን ምክንያት ሳታገኙ አልቀራችሁም።

ቀጥሎ ኢ ጂ አር ቫልቭ። ይህች ቫልቭ ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን መልሳ ወደ ሲሊንደር ትልካለች፤ ጭሱ ስለማይቃጠል የቃጠሎውን ሙቀት ያወርደዋል። የእነዚህ ዓመታት ሞተሮች ታይሚንጋቸው የተቀመረው ይህ ጭስ እንዳለ ታስቦ ነው። መንገዷ በጥላሸት ሲደፈን፣ ወይም ባለቤቱ «ሞተሬን ያቆሽሻል» ብሎ በቆርቆሮ ሲዘጋት፣ መኪናው በመካከለኛ ፍጥነት በቀስታ ነዳጅ ሲረገጥ ማንኳኳት ይጀምራል። በቫኩም የምትሠራዋን ዓይነት መፈተሽ ቀላል ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ ወፍራም ጓንት አጥልቃችሁ ከቫልቯ ሥር ያለውን ዲያፍራም በጣት ወደ ላይ ግፉት። ሞተሩ መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልተሰማው መንገዱ ተደፍኗል። አትዝጓት፤ አጽዷት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ ሞተሩን ካላቀዘቀዙት ያንኳኳል። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የአየር ማጣሪያው አፍ ላይ ከጭስ ማኒፎልድ አካባቢ ትኩስ አየር የምታስገባ ክዳን አለች፤ ተከፍታ ከቀረች ሞተሩ በሞቃት ቀን እንፋሎት የመሰለ አየር ይተነፍሳል። የቫኩም ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም የነዳጅ ፖምፓ ከደከመ ድብልቁ ይሳሳል፣ ስስ ድብልቅ ደግሞ ይሞቃል። ፒስተን አናት ላይ የተጋገረ ጥላሸት ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ አንዳንዴም ራሱ ግሎ እሳት ይሆናል። ሞተር ዘይት ሲሊንደር ውስጥ ከገባም የነዳጁን ኦክቴን ያወርደዋል፤ የዶጅ 5.2 እና 5.9 ሊትር ማግነም ሞተሮች በአየር ማስገቢያ ማኒፎልዳቸው ሥር ባለው ሳህን ጓርኒሲዮን በኩል ዘይት በመሳብ ይታወቃሉ። ስሮትሉን ከፍታችሁ በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ስታዩ ወለሉ ላይ ዘይት ከተኛ ጥርጣሬያችሁ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ብረት እንለፍ። እዚህ የምወደውን ዘዴ ላሳያችሁ፤ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የታይሚንግ መብራት የሚተኩሰው ከአንዱ ሲሊንደር የካንዴላ ሽቦ ምልክት ወስዶ ነው። ዲስትሪቢዩተር ባለው ሞተር ላይ አንድ ካንዴላ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳል። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍትም እንደዚሁ፤ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ስለዚህ መብራቱ በካምሻፍቱ ፍጥነት ይበራል ማለት ነው። መብራቱን ግድግዳ ላይ ወይም መዳፋችሁ ላይ አብሩት፣ ጆሯችሁን ለድምፁ ስጡ፣ ዓይናችሁን ለብርሃኑ። አንድ ብርሃን፣ አንድ ምት ከሆነ ድምፁ በካምሻፍት ፍጥነት የሚሄድ ነው፤ ታፔት፣ ሮከር፣ ቫልቭ፣ ወይም ከአንድ ሲሊንደር የሚያፈስ የጭስ ማኒፎልድ ፈልጉ። በአንድ ብርሃን ሁለት ምት ከሆነ በክራንክሻፍት ፍጥነት ነው፤ ቢየላ፣ ፒስተን፣ ዋና ኩሽኔታ ወይም ከሞተሩ ኋላ ያለው ሳህን ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቆጥሮ ለመለየት በሚኒሞ ማድረግ ይሻላል፤ ዙሩ ሲጨምር ጆሮ ይሸነፋል። ካንዴላው በየዙሩ የሚተኩስባቸው፣ አንድ ኮይል ለሁለት ሲሊንደር የሚሰጥባቸው ሞተሮች አሉና እዚያ ቆጠራው ይለወጣል፤ ይህን አስታውሱ።

ፍጥነቱን ካወቃችሁ በኋላ ቦታውን ለማግኘት የመካኒክ ማዳመጫ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ረጅም የእንጨት ዘንግ ይበቃል። ጫፉን በየቦታው እያስነካችሁ ድምፁ የት እንደሚጎላ አዳምጡ። ከፋንና ከቺንጋ ራቁ፤ የልብሳችሁን እጅጌ ሰብስቡ።

የቢየላ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከታች፣ ከኮፓው (ከዘይት መያዣው) በኩል ይመጣል። ሞተሩ ሲሞቅና ዘይቱ ሲቀጥን ይብሳል። ዙሩን ወደ 2,500 አካባቢ አውጥታችሁ እግራችሁን ስታነሱ፣ ልክ ጭነቱ በሚለዋወጥባት ቅጽበት፣ በጣም ግልጽ ሆኖ ይሰማል። የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለማወቅ የካንዴላ ሽቦዎቹን ተራ በተራ፣ ሽፋን ባለው ፒንሳ፣ እያወጣችሁ ከአካሉ ጋር አገናኙ። የተጎዳው ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ጭነቱ ስለሚቀልለት ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። በአንድ ሲሊንደር ላይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቆዩ፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭሱን ወደሚያጸዳው ካታሊስት ይሄዳልና።

የፒስተን ምት በቀዝቃዛ ሞተር ይሰማል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ፒስተኑ ሙቀት ሲያገኝ ስለሚያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። ደስ የማይል ነው እንጂ ዓመታት ሊኖር ይችላል። የጭስ ማኒፎልድ ማፍሰስም በቀዝቃዛው ቲክ ቲክ ይልና ብረቱ ሲሰፋ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ታፔት ነው ብሎ ይደክማል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የማኒፎልዱን ቡሎኖች በመስታወት ተመልከቱ። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ቡሎን ወይም ጥቁር የጥላሸት ጅረት ካያችሁ መልሱ እሱ ነው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ክራንክሻፍቱን ከቶርክ ኮንቨርተሩ ጋር የሚያያይዘው ስስ ሳህን ሲሰነጠቅ ወይም ቡሎኖቹ ሲላሉ ልክ እንደ ቢየላ ይመታል። ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት ከታች ያለችውን የብረት ክዳን አውርዳችሁ ቡሎኖቹን ፈትሹ። ደህና ሞተር በዚህ ምክንያት ብቻ ተበትኖ ይገኛል፤ ያ በጣም የሚያሳዝን ሥራ ነው።

የዘይት ግፊቱን በዳሽቦርዱ መርፌ አትመኑት። ላኪው ሴንሰር ሲያረጅ ይዋሻል። ሴንሰሩን ፍቱና በቦታው ሜካኒካል ማኖሜትር ግጠሙ፤ ሞተሩን በደንብ አሙቁት፣ ከዚያ አንብቡ። በሸቭሮሌት ቪ 8 ሞተሮች ላይ ባለሙያው የሚሄድበት መለኪያ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒ ኤስ አይ ነው። ከዚያ የዘይት ፊልትሮውን በመቁረጫ ክፈቱት፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ፀሐይ ላይ አዩት። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ማግኔት አስጠጉ። ማግኔት የሚስበው ብረት ከካምሻፍት ወይም ከታፔት ሊመጣ ይችላል። ማግኔት የማይስበው፣ ብርማ ወይም መዳብ የመሰለው ብናኝ ግን በአብዛኛው የኩሽኔታ ነው። መዳቡ ከታየ ላይኛው ሽፋን አልቋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ፣ ወደ ሴንሰሮቹ ቦታ። የእያንዳንዱን መኪና ሥዕል ልሸመድድ ብትሉ አትችሉም። አንድ ሐሳብ ግን ከያዛችሁ ያላያችሁት ሞተር ላይም ይመራችኋል፦ ሴንሰር የሚለካው ነገር ባለበት ይቀመጣል። የውሃ ሙቀት የሚለካው ውሃ ከሞተሩ በሚወጣበት፣ ቴርሞስታቱ አጠገብ ነው። የስሮትል ሴንሰር የስሮትሉ ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ኦክስጅን ሴንሰር ጭሱ ከየማኒፎልዱ ተሰብስቦ በሚያልፍበት ቧንቧ ላይ ነው። የክራንክ ሴንሰር የክራንክሻፍቱ ጥርስ ባለበት ነው፤ ከፊት በፑሌጃው በኩል ወይም ከኋላ በካምቢዮው መጋጠሚያ። የፍጥነት ሴንሰር የካምቢዮው መውጫ ላይ ነው። ስለዚህ «የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይለካል?» በሉ፤ እጃችሁ ራሱ ይሄዳል።

ኖክ ሴንሰር ንዝረት ይለካል፤ ስለዚህ ከብረቱ ጋር፣ ለሲሊንደሮቹ ቅርብ በሆነ ቦታ ብሎኩ ላይ ተጠብቆ ይታሰራል። በሸቭሮሌት 5.7 ስሮትል ቦዲ ሞተር ላይ በቀኝ በኩል፣ ሞተሪኖው አካባቢ፣ የብሎኩ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ላይ የተጠመዘዘ ነው፤ አንድ ሽቦ ብቻ አለው። ስትፈቱት ውሃው እላያችሁ ላይ ይፈስሳል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትንኩት። በቶዮታ 22 አር ኢ ላይ ከአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ሥር ብሎኩ ጎን ላይ ነው፤ ከላይ በዓይን አይታይም፣ እጅ ግን ይደርስበታል። በቪ ቅርጽ በተሠሩት ላይ ነገሩ ይከብዳል። የቶዮታ 3.4 ሊትር ቪ 6፣ የኒሳን ቪ ጂ 33 ኢ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ገደማ የተሠሩት የጂ ኤም (ጄኔራል ሞተርስ) 4.8፣ 5.3 እና 6.0 ሊትር ቪ 8 ሞተሮች ሴንሰራቸው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ከአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ሥር ነው። ማኒፎልዱ ሳይወርድ አይገኝም።

በእነዚህ የጂ ኤም ቪ 8 ሞተሮች ሁለት ሴንሰሮች አሉ። የኋላኛው ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀመጠ ሞተር ሲታጠብ ወይም ዝናብ ሲገባ ውሃ ያቁርበትና ይዝጋል፤ ፒ 0327 ወይም ፒ 0332 የሚለው ኮድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ማኒፎልዱን ለዚህ ካወረዳችሁ ሁለቱንም ሴንሰር፣ የውስጡን ሽቦና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን አንድ ላይ ቀይሩ፤ በኋላኛው ጉድጓድ ዙሪያም ውሃ እንዳይገባ የሲሊኮን ግድብ ሥሩለት። ሴንሰሩ የሚጠበቀው በ20 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ላልቶ ከታሰረ አይሰማም፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ውስጡ ያለው ክሪስታል ይጎዳል። ማረፊያውን ከዝገት አጽዱ፤ ብረት ብረትን መንካት አለበት።

አንዳንዶች ማኒፎልዱን ላለማውረድ ብለው ሴንሰሩን ሌላ ቡሎን ላይ ያስሩታል፤ ሌሎች ደግሞ በምትኩ ሬዚስተር ያገናኛሉ። የመጀመሪያው ሴንሰሩን ፋብሪካው ካሰበው ሌላ ቦታ ሆኖ እንዲሰማ ያደርገዋል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩን ያደነቁረዋል፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ፒስተኑ ግን ያለ ጠባቂ ይቀራል። ደንበኛ ቢለምናችሁም ይህን አታድርጉ።

እ.ኤ.አ. ከ1996 በፊት በተሠራ መኪና ላይ ኮዱን ያለ ኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። በጂ ኤም መኪኖች ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ባለ 12 ቀዳዳ ሶኬት ፈልጉ፤ ኤ እና ቢ የተባሉትን በሽቦ አገናኙ፤ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። የቼክ ኢንጅን መብራት መጀመሪያ 12ን ያሳያችኋል፤ ምርመራው መሥራቱን ሲነግራችሁ ነው። ከዚያ ኮዶቹ ይቀጥላሉ። 43 የኖክ ሴንሰር መስመር ነው። በዚያው ዘመን ቶዮታዎች ደግሞ 52።

ሴንሰሩን ሳትፈቱ የምትፈትሹበት መንገድም አለ። የታይሚንግ መብራቱን ሰክታችሁ ዙሩን 1,500 ወይም 2,000 ላይ ያዙት፤ ሌላ ሰው በትንሽ መዶሻ ከሴንሰሩ አጠገብ ብሎኩን ቶሎ ቶሎ ይምታ። ሴንሰሩን ራሱን እንዳይመታ። ምልክቱ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ሴንሰሩም፣ ሽቦውም፣ ኮምፒውተሩም ይሠራሉ። አንዳንድ ኮምፒውተሮች ጭነት በሌለበት ሰዓት ሴንሰሩን አያዳምጡም፤ ስለዚህ አለመንቀሳቀሱ ብቻውን አይፈርድበትም። ያኔ ሶኬቱን ነቅላችሁ ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጉና ብሎኩን ምቱ፤ ጤነኛ ሴንሰር ጥቂት ሚሊቮልት ያወጣል። ሽቦውንም እዩት። ብዙዎቹ ዙሪያቸው በመከላከያ ጥልፍ የተሸፈኑ ናቸው፤ ጥልፉ ከተበጠሰና ሽቦው ከካንዴላ ሽቦ ጎን ካለፈ የሌለ ድምፅ ይፈጥራል። የላላ የጄኔሬተር ማሰሪያም እንዲሁ ሴንሰሩን ሊያታልል ይችላል።

ወደ ውሃ ሙቀት ሴንሰር ልመለስ፤ ለማንኳኳት ከኖክ ሴንሰር ይልቅ እሱ ቅርብ ነውና። አሮጌ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለዳሽቦርዱ መርፌ፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ። ባለ አንድ ሽቦው የመርፌው ነው፤ ባለ ሁለቱ የኮምፒውተሩ። በዚያው በሸቭሮሌት 5.7 ላይ የመርፌው በግራው ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) በካንዴላዎቹ መካከል ነው፤ የኮምፒውተሩ ከላይ ቴርሞስታቱ አጠገብ። መርፌው ደህና ስላሳየ ኮምፒውተሩም ደህና ያውቃል ማለት አይደለም። በቴስተር ለኩት። የጂ ኤሙ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 3,500 ኦም ገደማ፣ በ100 ዲግሪ 180 ኦም ገደማ ያሳያል። የቶዮታው በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። ኮምፒውተሩ ነዳጁንም ታይሚንጉንም የሚወስነው በዚህ ቁጥር ነው።

የማኒፎልድ ግፊት የሚለካውን ሴንሰርም አትርሱ። በብዙ መኪኖች ላይ በትንሽ ጎማ የተያያዘ ነው። ጎማው ተጣጥፎ ወይም ተደፍኖ ከሆነ ዳገት ስትወጡ ኮምፒውተሩ ጭነት መጨመሩን አያውቅም፤ ሞተሩ ቀሎት የሚሄድ ይመስለውና ነዳጁን አሳንሶ ታይሚንጉን ወደፊት ይስበዋል። ከዚያ ይንጣጣል። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ ጎማ ነው፤ መፈተሹም ነቅሎ መንፋት ብቻ ነው።

አንዲት እህት «እስኪሠራ ድረስ እየነዳሁት ልቆይ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ድምፁ የእሳት ከሆነ በርጋታ መንዳት ይቻላል። ጭነት አትጫኑ፣ ዳገት ላይ ቶሎ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነዳጅ ካገኛችሁ ቅዱ፤ ግን ሥራውን አታዘግዩት፣ ለረጅም ጊዜ ከቆየ የፒስተኑን አናትና የፋሻዎቹን መቀመጫ ይሰብራል። የቢየላ ድምፅ ከሆነ ግን ሞተሩን አሁኑኑ አጥፉት፤ መኪናው ተጎትቶ ይሂድ። በጊዜ ከቆመ ክራንክሻፍቱ በጥቂቱ፣ ለምሳሌ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ተላጭቶ ወፈር ያለ ኩሽኔታ ይገጠምለትና ሞተሩ ይድናል። «ቤት ድረስ ብቻ» ተብሎ ከተነዳ ቢየላው ተበጥሶ የብሎኩን ጎን ቀዶ ሊወጣ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ሞተር አይኖርም።